«ገብቶኛል» ካሉ በኋላ፦ የተሐድሶ ሕክምና ባለሙያዎችን የማስተማር ክህሎት ያሠለጠንንበት ጉዳይ

መነሻ

ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያደከመባቸው አንድ አባት ከሆስፒታል በወጡ በሦስተኛው ሳምንት ለክትትል ተመለሱ። በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ገበሬ ናቸው። ቀኝ ክንዳቸው ተንጠልጥሏል። ትከሻቸውን ስዳስስ ከላይኛው አጥንት በታች ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁ፤ ክንዱን ትንሽ ሳንቀሳቅሰው ፊታቸው ተጨማደደ። ከሆስፒታል ሲወጡ ይህ ሕመም አልነበረባቸውም።

የሚያስታምሟቸው ልጃቸው ናት። «ቤት ውስጥ አባትሽን ስታነሺ እንዴት ነው የምትይዣቸው? እስኪ አሳዪኝ» አልኳት። የደከመውን ክንድ በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ራሷ ሳበች።

አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ሊታገሥ አልቻለም። «ሁለት ጊዜ አሳይቻት ነበር እኮ!» አለ። ልጅቷ ደነገጠች። «ያሳዩኝን ነው የማደርገው» ብላ አንገቷን ደፋች።

ባልደረባዬን ያን ቀን ያደረገውን እንዲደግመው ጠየቅሁት። ከታካሚው ፊት ቆመ፣ አንድ እጁን ከትከሻው ጀርባ፣ ሌላውን ወገብ ላይ አደረገ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ አነሣቸው። ያለ እንከን ሠራው። ልጅቷ ያኔ የት ቆማ እንደነበር ጠየቅሁ። ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ከእርሱ ጀርባ፣ ከአልጋው ግርጌ ነበረች። እኔም እዚያው ሄጄ ቆምሁና ድገመው አልሁት። ከዚያ ቦታ የሚታየው የባለሙያው ጀርባ፣ በታካሚው ብብት በኩል የገባ ክንድና ወደ ኋላ የሚሳብ ሰውነት ብቻ ነው። እኔም እንደ እርሷ ብሆን ክንድ ሲሳብ ነበር ያየሁት የምል ይመስለኛል።

የሕክምና ካርዳቸውን አወጣን። «ለቤተሰብ ትምህርት ተሰጥቷል» ይላል፤ ቀንና ፊርማ አለው።

ሆስፒታሉና ሠራተኞቹ

ጉዳዩ የተፈጸመው በአንድ የክልል ሪፈራል ሆስፒታል ነው። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ከተመላላሽ ታካሚ በተጨማሪ የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምናና የአጥንት ክፍሎችን ያያሉ። ተለማማጅ ተማሪዎችም ይመደቡላቸዋል። ነርሶቹ በቁጥር ይበልጣሉ፤ ሥራቸውም የዚያኑ ያህል ይበዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ተሐድሶ (ከሕመም ወይም ከጉዳት በኋላ የሰውነትን አቅም የመመለስ ሕክምና) ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር አለባቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 «ተሐድሶ 2030» የሚል ጥሪ ያስተላለፈውም አገልግሎቱና ባለሙያው ከፍላጎቱ እጅግ ስለሚያንሱ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ማለት አንድ ታካሚ በቀን ግማሽ ሰዓት ፊዚዮቴራፒስት ካገኘ ዕድለኛ ነው ማለት ነው። የቀረውን ሃያ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚያገላብጠው፣ የሚያስቀምጠውና የሚያነሣው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ በተሐድሶ ሕክምና ውስጥ ማስተማር የሕክምናው ዋና አካል ነው። የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከሉ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ተሐድሶና ሥልጠና በስሙ ውስጥ ጎን ለጎን የገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። እግሩ የደነዘዘ የሥጋ ደዌ ታካሚ እግሩን በየቀኑ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የደረቀውን ቆዳ መፈግፈግ፣ ቅባት መቀባትና ቁስል መፈለግ ካልለመደ የሐኪሙ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሆኖም ከእኛ መካከል ማስተማርን የተማረ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ይወስዳሉ። የሆስፒታል ባለሙያ ግን ጎበዝ ከሆነ ማስተማርም ይችላል ተብሎ ይታሰባል።

ችግሩ ምን ነበር?

ጎበዝ እጅ ዝም ብሎ አያስተምርም። እናቶቻችንን የእንጀራ ሊጥ ውሃው ስንት ነው ብንላቸው «እስኪበቃው» ይሉናል። አልዋሹም፤ እጃቸው ስለሚያውቀው አፋቸው መጠኑን ረስቶታል። ባልደረባዬም እንዲሁ ነው። ታካሚ ከማንሣቱ በፊት የወንበሩን ፍሬን እንደሚቆልፍ፣ ወንበሩን በደህናው ጎን በኩል እንደሚያቀርብ፣ የታካሚውን እግሮች ወደ ኋላ ሰብሰብ እንደሚያደርግ ራሱ አያስተውልም። ያላስተዋለውን ደግሞ ሊነግራት አልቻለም።

ሁለተኛው ችግር «ገባሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ቆሞ «ገባሽ?» ሲል «አልገባኝም» ብሎ የሚመልስ አስታማሚ እስካሁን አላጋጠመኝም። መልሱ «ገብቶኛል ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው። አክብሮት ነው፤ የመረዳት ማረጋገጫ ግን አይደለም።

ሦስተኛው ያልጠበቅነው ነበር፤ ቃሉ ራሱ። ትከሻው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መገጣጠሚያው ጥልቀት የሌለው ስለሆነና አጥብቀው የሚይዙት ጡንቻዎች በስትሮኩ ሲደክሙ የክንዱ ክብደት ወደ ታች ስለሚጎትተው ነው። እኛ ግን ለቤተሰብ «ትከሻው ወልቋል» እንል ነበር። የወለቀ ነገር በአገራችን የት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል። አንድ ቤተሰብ ይህን ሰምቶ በቀጥታ ወጌሻ ዘንድ ሄደ፤ ወጌሻውም የወለቀን እንደሚመልስ ሳበው። ወጌሻውን ለመውቀስ ይቀናን ነበር። ወደዚያ የላካቸው ግን የራሳችን ቃል ነው።

የመጀመሪያው ሥልጠና፣ ያልሠራው

የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጀሁ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ ቡና፣ በመጨረሻው ቀን ሰርተፍኬት። ስላይዶቹ ከሰማንያ በላይ ነበሩ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ስለ አዋቂዎች ትምህርት ጽንሰ ሐሳብ፣ ስለ ትምህርት ዓላማ አጻጻፍ፣ ስለ ምዘና ዓይነቶች ተናገርሁ። ማወቅና መሥራት እንደሚለያዩ የሚያሳየውንና የሕክምና ትምህርት ምሁሩ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡትን ፒራሚድ ሳይቀር አሳየሁ። ያሳየሁት ግን ተቀምጠው ለሚያዳምጡ ሰዎች ነው። በመጨረሻው ፈተና ሁሉም ከመጀመሪያው የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ሪፖርቱም አምሮ ተጻፈ።

ከወር በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ በየክፍሉ እየዞርሁ ባለሙያዎች ቤተሰብ ሲያስተምሩ ተመለከትሁ። ነርሱም ፊዚዮቴራፒስቱም እንደ ድሮው ራሳቸው ሠርተው ያሳያሉ፣ «ገባሽ?» ይላሉ፣ ይፈርማሉ። አስታማሚዋን «አሁን አንቺ ሥሪው» ስትል ያየኋት አንዲት ነርስ ብቻ ናት። እርሷ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፤ በሥልጠናው ጊዜ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች።

ይህን ሳይ ሳቄ መጣ። እኔ ባልደረቦቼን ያስተማርሁት ባልደረባዬ ልጅቷን ባስተማረበት መንገድ ነው።

ሁለተኛው ዙር

በዚህኛው ዙር ስምንት ሰዎች ብቻ ወሰድን፤ አራት ፊዚዮቴራፒስቶችና አራት ነርሶች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለስድስት ሳምንታት፣ ክፍላችን ውስጥ ባለው የእንቅስቃሴ ማሠሪያ ቦታ። አበል የለም። ይህን ስናሳውቅ ሁለት ሰዎች ተውት፤ በእነርሱ ምትክ ሌሎች ሁለት ገቡ።

እያንዳንዱ ሰው በአምስት ደቂቃ አንድ ነገር ለአንድ ሰው ያስተምራል፣ ሌሎቹ ያያሉ፣ ከዚያ እርሱ ያንኑ አሻሽሎ ይደግማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለመምህራን የተጀመረው የጥቂት ደቂቃ ትምህርት ልምምድ መሠረቱ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ረቡዕ ሕክምና ከለከልን። አንዷ ነርስ ነጠላ መስቀለኛ አለባበስን ለአንድ ወንድ ፊዚዮቴራፒስት አስተማረች። ፊት ለፊቱ ቆማ ስለነበር ግራና ቀኙ ተገላበጠበት፤ ሦስት ጊዜ ተጠላልፎ ቀረ። ከጎኑ ቆማ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዩ ወዲያው ቻለ። ተማሪ የት ይቁም የሚለውን ጉዳይ ከዚያ በኋላ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀበትም።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ታካሚን ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር ላይ ገባን። የተጠቀምንበት ፔይተን የተባሉ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቁትን ባለአራት እርከን ዘዴ ነው። አስተማሪው መጀመሪያ ሥራውን በተለመደው ፍጥነት ያለ ንግግር ይሠራል። ቀጥሎ እያብራራ በዝግታ ይሠራል። በሦስተኛው እርከን ተማሪው ይናገራል፣ አስተማሪው የተነገረውን ብቻ ይፈጽማል። በአራተኛው ተማሪው ራሱ ይሠራል።

ጉልበቱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። የክፍሉ አንጋፋ ፊዚዮቴራፒስት አስተማሪ፣ አንድ ተለማማጅ ተማሪ፣ አንድ ጤነኛ ባልደረባ ደግሞ ታካሚ ሆኑ። ተማሪው ትእዛዙን አንድ በአንድ ሲናገር ፍሬን መቆለፍን ዘለለ። አንጋፋው ባለሙያ በተለመደው ቸርነታቸው እጃቸውን ወደ ፍሬኑ ሰደዱ፤ ሁላችንም ጮኽን። «የተባልኩትን ብቻ ነው ለካ» ብለው እጃቸውን መለሱ። ወንበሩ ሸርተት አለ፤ «ታካሚው» በሁለት ሰው ተይዞ ተረፈ። ተማሪው ፍሬንን ከዚያ ወዲያ ዘለለ ብዬ አላምንም። አንጋፋው ግን ሌላ ነገር አገኙ፦ «ይህን ሁሉ ዓመት ፍሬኑን ስቆልፍ ተናግሬው አላውቅም ማለት ነው።»

በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረ አንድ ነርስ ዘዴው አልገረመውም። ትምህርቱ የጸናለት መምህሩ ሲነግሩት ሳይሆን እርሱ ለታናናሾቹ ሲያስቀጽል እንደነበር ነገረን።

አስተያየት መስጠት፣ ይሉኝታና ቆጠራ

ብዙ ጊዜ የፈጀብን ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱ ልምምድ ካለቀ በኋላ የሚሰማው «በጣም ጥሩ ነው» ብቻ ነበር። ተለማማጅ ለአንጋፋ፣ ነርስ ለኃላፊዋ እንዴት ብላ ስህተት ትናገር?

የፔንድልተን ደንብ የሚባለውን ሞከርን። በዚህ ደንብ መሠረት መጀመሪያ የሚናገረው የሠራው ሰው ነው፤ ጥሩ ያደረገውን ይናገራል፣ ተመልካቾች ይጨምሩለታል፤ ከዚያ መሻሻል ያለበትን እንደገና እርሱ ቀድሞ ይናገራል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆመ። ራስን ማሞገስ ነውር ነው። «ምን ጥሩ ሠራህ?» የተባለ ሁሉ መሬት መሬት እያየ «ኧረ ምንም ጥሩ ነገር አልነበረውም» ይል ነበር። ደንቡ መጥፎ ነው አልልም፤ ለእኛ ይሉኝታ ግን አልተሰፋም።

መፍትሔው የመጣው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ሥራ እንዲይዙ ብዬ ለእያንዳንዱ ተመልካች የሚቆጥረው አንድ ነገር ሰጠሁ። አንዱ «ገባሽ?» ስንት ጊዜ እንደተባለ፣ ሌላው በአንድ ትንፋሽ ስንት ትእዛዝ እንደተነገረ፣ ሦስተኛው የተማሪው እጅ ታካሚውን የነካው በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ይቆጥራል። ሲያልቅ አስተያየት አልጠየቅሁም፤ ቁጥር ጠየቅሁ። ትንሹ ተለማማጅ ወረቀቱን እያየ «ጋሼ፣ ሰባት ጊዜ ገባህ ብለዋል» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ አንጋፋው ባለሙያም አብረው ሳቁ። በድግግሞሹ አንድ ጊዜ ብቻ አሉት፤ እርሱንም ግማሹ ላይ አቁመው «አሳየኝ» አሉ።

መቁጠር ትችት ስላልሆነ ማንም ማንንም አላስቀየመም። ከዚያ ቀን በኋላ የአስተያየት ቅጾቹን ሁሉ ጣልናቸው።

የስልክ ቪዲዮም ሞክረን ነበር። ሰዎች ራሳቸውን ሲያዩ ያዩት ፀጉራቸውንና ድምፃቸውን ነው፤ አንዲት ባልደረባችንም ፈጽሞ አልቀረጽም አለች። ተውነው። በእውነተኛ ታካሚ ላይማ ከመጀመሪያውም አላሰብነውም።

ወደ ታካሚው አልጋ ስንወስደው

በአራተኛው ሳምንት ልምምዱን ከፈቃደኛ አስታማሚዎች ጋር አደረግነው። እዚህ ቋንቋችን ተፈተነ። ባለሙያዎቹ በየመሀሉ የሚጥሏቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ሲያወጡ መናገር ከበዳቸው። «ክንዱን አትሳቢ» የሚለውም አልጠቀመም። መሳብን ይከለክላል፣ እጇን የት እንደምታሳርፍ ግን አይነግራትም፤ ሰው የሚሠራው ነገር ሲያጣ ደግሞ ወደ ለመደው ይመለሳል። ተክቶት የሠራው «መቀነቱን ያዢ» ነው። ሰፊ መቀነት በታካሚው ወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ አስታማሚዋ እርሱን ይዛ ታነሣለች። በየቤቱ አለ፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ክንዱንም ነፃ ያወጣዋል። ታካሚው ከመነሣቱ በፊት ወደ ፊት ማዘንበል እንዳለበት ለማስረዳት ስለ ክብደት መሐከል ማውራት ተውን፤ «እጅ እንደሚነሱ ጎንበስ ይበሉ» ስንል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይረዳል።

የመነሻችን የሆነችው ልጅ በዚያን ሳምንት ከአባቷ ጋር መጥታ ነበር። ባልደረባዬ ከጎኑ አቆማት፣ በአራቱም እርከን አለፈች። በመጨረሻው ራሷ ስታነሣቸው እጇ መቀነቱ ላይ ነው። ሁላችንም ደስ ብሎን ሳለ እንዲህ አለች፦ «እኛ ቤት ግን ይህ አልጋ የለም፤ አባቴ የሚተኙት መደብ ላይ ነው።»

መደብ ዝቅ ያለ ነው፣ ስፋት አለው፣ ከሥሩ እግር ሰብሰብ የሚደረግበት ቦታ የለውም። ያስተማርነው ሁሉ ከፍና ዝቅ ለሚል የሆስፒታል አልጋ ነበር። ባልደረባዬ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ከእንቅስቃሴ ማሠሪያው ዝቅተኛውን የእንጨት መድረክ አስጎተተና እንደገና ጀመሩ። ታካሚውን ወደ ጠርዙ ማምጣት፣ ደህናውን እግር ቀድሞ ማውረድ፣ ሁለተኛ ሰው ከኋላ ማገዝ ሲያስፈልግ መለየት። ያን ቀን ከእኛ ይልቅ እርሷ አስተማረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዚያ በኋላ «ቤታችሁ የሚተኙት ምን ላይ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ማሳየት በፊት እንዲመጣ አደረግን።

የአባትየው የትከሻ ሕመም በቀጣዮቹ ሳምንታት ቀለለ። ክፍተቱ ግን አልጠፋም፤ ጡንቻው ካልተመለሰ ዝውውርን ማስተካከል ብቻውን አይዘጋውም። እጃቸውም ለሥራ አልተመለሰችላቸውም።

ምን ቀረ፣ ምን አልቀረም

በካርዱ ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» የሚለውን «አስታማሚው ራሱ ሠርቶ አሳይቷል» በሚል ቀየርነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው ከመፈረሙ በፊት ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ቆይቶ ግን ሳይሠራም የሚፈረምበት ካርድ ማግኘት ጀመርሁ። አሁን የክፍሉ ኃላፊ በሳምንት አንድ አስታማሚ በድንገት «እስኪ አሳዩኝ» ትላለች፤ ከቅጹ ይልቅ የሠራው ይህ ነው።

ያልጠበቅነው በረከት አስታማሚዎች እርስ በርስ መማማራቸው ነው። ቀድማ የገባችው አዲስ ለመጣችው መቀነት ስታስር ማየት የተለመደ ሆነ። ስህተትም በዚሁ መንገድ ይጓዛል፤ አንዲት እናት ወንበሩን በደካማው ጎን በኩል እንዲያቀርቡ ሦስት ሰዎች አስተምራ ስለነበር ነርሶቹ ይህን መማማር እንዲከታተሉት ተነገራቸው።

ከስምንቱ ሠልጣኞች ሁለቱ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ሠልጣኝ እንደሚሄድ አስቀድመን ብናስብ ኖሮ እያንዳንዱ ገና በስድስቱ ሳምንታት ውስጥ አንድ ተተኪ እንዲያስተምር እናደርግ ነበር፤ በሚቀጥለው ዙር ይህ ግዴታ ሆኗል።

ሌላ ሆስፒታል ይህን ልሞክር ቢል ከአዳራሹ እንዲወጣ እመክረዋለሁ። ሠልጣኙን በአምስት ደቂቃ ሥራ ያስጀምር፣ ስምንት ሰው ከበቂ በላይ ነው፣ አስተያየት ከመጠየቅ ማስቆጠር ይቀላል። የአካባቢውን ቃል ደግሞ ከአስታማሚዎች ይጠይቅ፤ እኛ መቀነትን ያገኘነው ከእነርሱ ነው። ስላይዶቼን ከፈለገ ልሰጠው እችላለሁ፤ ባይወስዳቸው ይሻለዋል።

የሌሊት ተረኞች ጉዳይ አልተፈታም። ብዙ ታካሚ ሽንት ቤት ለመሄድ የሚነሣው ሌሊት ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት ደግሞ የሌሊት ተረኛ ይተኛል። ባለፈው ወር አንዲት ነርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሥራ ቅብብሉ ጊዜ፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ አሥር ደቂቃ እየተጠቀመች መሞከር ጀምራለች። እስካሁን አራት ምሽት ሆኗታል።